ሐቋን ያልለቀቀችው ሐበሻዊት እናት፤ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.)

 

ሹክር ማድረግ የሚጀምረው የተሰጠንን ቆጥሮ ከማወቅ ነው። እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰንዳፋ ነው። ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ ሂጃቤን አስተካክዬ ከቤት እወጣለሁ፤ ከሠራተኛውና ከወተት ነጋዴው ጋር ተጋፍቼ ታክሲ እሳፈራለሁ፤ መገናኛ ወርጄ በዩኒቨርሲቲ በተማርኩት ሙያ እሠራለሁ፤ ደመወዜ በራሴ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ምርጫ ሲመጣ ካርድ ወስጄ ድምፅ እሰጣለሁ፤ ኒካሕ ሲታሰር የራሴ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ በየቀኑ ስለማደርገው እንደ አየር ሆኖብኛል። አየር ኒዕማ መሆኑ የሚታወሰው ሲያጥር ብቻ ነው።

አያቶቻችን ግን ይህ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ሴት የመምረጥና የመመረጥ መብት በሕገ መንግሥት ደረጃ ያገኘችው በ1948 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስትን በታዛዥነት ያስቀመጠ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ በንብረት፣ በመሬት አጠቃቀምና በውርስ ያላቸውን መብትም አሰፈረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜንም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው። ዛሬ በገጠሩ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባል ስም ጎን ሰፍሮ እናያለን። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ ማመስገን ይገባል፤ ሰውን ያላመሰገነ አላህን አያመሰግንምና።

ይሁንና ለእኛ ለሙስሊሞች የዚህ ሹክር ታሪክ ከፓርላማና ከአዋጅ እጅግ ይቀድማል። ደግሞም ከባለ ታሪኮቹ አንዷ ከዚሁ ከሐበሻ ምድር የተገኘች ሴት ናት። ስሟን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕይወቷን ግን ስንቶቻችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተውለነዋል? ዛሬ ስለ ኡሙ አይመን ላወጋችሁ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከግመልና ከበግ ጋር የተቆጠረች

የተጠራችበት ስም በረካ ነው፤ የሰዕለባ ልጅ። የምናገኛት በመካ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አባት በዐብዱላህ ኢብን ዐብዱልሙጦሊብ ቤት በባርነት ስታገለግል ነው። ዐብዱላህ ልጁን ሳያይ ሞተ። የሲራ ጸሐፊዎች የተወውን ሀብት ሲዘረዝሩ አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና በረካ ይላሉ። እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የዚህች ሴት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር ነው። ወራሽ አልነበረችም፤ ውርስ ነበረች። ከግመሉና ከበጉ ጋር ተቆጥራ ገና ላልተወለደ ሕፃን ተላለፈች።

ሕፃኑ ሲወለድ በረካ ከእናቱ ከአሚና ጎን ነበረች። ከሐሊማ ዘንድ ጠብተው ከተመለሱ በኋላም የተንከባከበቻቸው እሷ ናት። ነቢዩ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አሚና ልጇንና በረካን ይዛ ዘመዶችን ለመጠየቅ ወደ የስሪብ፣ በኋላ መዲና ወደተባለችው ከተማ ተጓዘች። በመልስ ጉዞ ላይ አሚና ታመመችና አብዋእ በተባለ ስፍራ ሕይወቷ አለፈ። በረሃ መካከል አንድ የስድስት ዓመት የቲምና አንዲት ባሪያ ብቻቸውን ቀሩ ማለት ነው። በረካ ያንን ልጅ ይዛ መካ ደረሰች፤ ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብ አስረከበች። አያትየው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱና አጎታቸው አቡ ጧሊብ ሲረከቧቸውም ከአጠገባቸው አልተለየችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወላጅ እናታቸው ቀጥላ እናታቸው እሷ መሆኗን ይናገሩ እንደነበር ተዘግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እሷ በሕጉ ዓይን የሳቸው ንብረት ነበረች፤ በልባቸው ግን እናት ነበረች። የዚያ ዘመን ዓረብ በዚህ ግጭት አይጨነቅም ነበር። እሳቸው ግን ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ595 ገደማ፣ በረካን ነፃ አወጧት። ይህ የሆነው ወሕይ ከመውረዱ 15 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ነፃ ሴት፣ ሚስት፣ እናት

ነፃ ከወጣች በኋላ ያገባችው ከየስሪብ የኸዝረጅ ጎሣ የሆነውን ዑበይድን ነው። ልጃቸው አይመን ተወለደና ኡሙ አይመን፣ የአይመን እናት፣ የሚለው መጠሪያ ወጣላት። ባሏ ሲሞት ወደ መካ ተመለሰች። ከዚያም ራሱ ከባርነት ነፃ የወጣውንና ነቢዩ እንደ ልጅ ያቀረቡትን ዘይድ ኢብን ሓሪሳን አገባች። በዕድሜ ብዙ ትበልጠው ነበር፤ ይህም ያገር ወሬ አልሆነባትም። ከዘይድም ኡሳማን ወለደች። እስልምና ሲመጣ ቀድመው ከተቀበሉት መካከል ነበረች፤ ወደ መዲናም ተሰደደች።

ወሬው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ዘይድ ቀይ ነበር፤ ኡሳማ ግን እንደ ሐበሻዊት እናቱ ጥቁር ነበር። አንዳንድ ሰዎች ይህን ይዘው በልጁ ትውልድ ላይ ሐሜት አነሱ። ዛሬም ቢሆን ለአንዲት ሴት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ተሸፍነው፣ እግራቸው ወጥቶ ተኝተው ሳለ፣ በእግር ቅርጽ ዘር በመለየት የታወቀው የሙድሊጅ ጎሣ ሰው ሙጀዚዝ አያቸውና እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የተገኙ መሆናቸውን መሰከረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ምስክርነት እጅግ መደሰታቸውን፣ ፊታቸውም ማብራቱን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግባለች። የአንዲት ሐበሻዊት ሴት ክብር ከሐሜት መዳኑ የአላህን መልእክተኛ ፊት ያበራ ጉዳይ ነበር። ታዲያ እኛ በየሰፈሩ፣ በየቡናው፣ ዛሬ ደግሞ በየስልካችን የሴት ስም ስናነሳና ስንጥል ምን ይሰማን ይሆን?

ኡሙ አይመን ዓረብኛ ለምላሷ ይከብዳት እንደነበር ተዘግቧል። የሰላምታውን ቃል ስትል ትርጉሙ ይዛባባት ስለነበር ነቢዩ ሰላም የሚለውን ቃል ብቻ እንድትል አቀለሉላት። አልሳቁባትም፤ ዝም እንድትልም አላደረጓትም። እሷም አልተሸማቀቀችም። አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገበው አንድ ቀን ነቢዩ ሊጠይቋት ሄደው የሚጠጣ አቀረበችላቸው። ጾመኛ ስለነበሩ ወይም ስላልፈለጉ ሳይጠጡ ሲቀሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አጉረመረመችባቸው። ሶሐቦች በፊታቸው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉላቸውን ነቢይ እሷ እናት ልጇን በምትቆጣበት አንደበት ትቆጣቸው ነበር፤ እሳቸውም ይህን መብቷን አልነፈጓትም። በስተእርጅናዋም ቢሆን ቤት ውስጥ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ625 በኡሑድ ዘመቻ ውሃ ታቀርብ፣ ቁስለኞችን ታክም ነበር። በኸይበርም ተገኝታለች።

የተምር ዛፎቹ ጉዳይ

ከሕይወቷ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ታሪክ ግን የተምር ዛፎቹ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ሰሒሖች ተዘግቧል።

ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ሀብታቸውን ሁሉ መካ ትተው ስለነበር አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው ያካፍሏቸው ነበር። የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥቂት ዛፎች ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ለኡሙ አይመን ሰጧት። እ.ኤ.አ. በ628 ኸይበር ከተከፈተ በኋላ ሙሃጂሮች ስለተቃለለላቸው የተሰጧቸውን ዛፎች ለአንሷሮች መለሱ። አነስም ቤተሰቡ ልከውት ዛፎቹን ሊጠይቅ መጣ።

ኡሙ አይመን ይህን ስትሰማ ልብሱን በአንገቱ ላይ አድርጋ ያዘችው፤ ዛፎቹ የተሰጡኝ ለእኔ ናቸው፣ አልመልስም ብላ በአላህ ማለች። ነቢዩ በምትኩ ሌላ ልስጥሽ አሏት፤ አሻፈረኝ አለች። ጨመሩላት፤ አሁንም እምቢ አለች። እየጨመሩ ሄደው አሥር እጥፍ ወይም ለዚያ የቀረበ ሲሰጧት ነው የተስማማችው። ኡሙ ሱለይም ዛፎቿን አገኘች፤ ኡሙ አይመንም ከነቢዩ ከራሳቸው የአትክልት ስፍራ ምትኩን አገኘች።

ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ ዛፎቹ የተሰጡት ለፍሬያቸው መጠቀሚያ እንጂ ለዘላቂ ባለቤትነት እንዳልነበረ፣ ኡሙ አይመን ግን የእሷ እንደሆኑ አድርጋ እንደተረዳች፣ ነቢዩም አሳዳጊያቸው በመሆኗ ልቧን ለማስደሰት እንደዚህ እንዳደረጉ ይናገራሉ። እንግዲህ ልብ በሉ። በክርክሩ ጥብቅ ሕግ ይቆጠር ቢባል ትረታ ነበር። ሆኖም የመዲና መሪ፣ የጦር አዛዥና ፈራጅ የሆኑት ነቢይ ሴቲቱን አላስገደዱም፤ ባለውለታነታቸውን እያነሱ አላሳፈሯትም፤ የዛሬ ስንት ዓመት ባሪያችን አልነበርሽም ወይ የሚል ሰውም አልተነሳም። በትዕግሥት ተደራደሯት፤ እስክትስማማ ድረስ ጠበቁ፤ ከራሳቸውም ከፈሉ። ከግመልና ከበግ ጋር በውርስ ተቆጥራ የነበረችው በረካ፣ ንብረቷን ይዛ ከወረሳት ሰው ጋር የምትደራደር ባለ ሐቅ ሆና ቆመች። ሴት ሐቋን መያዟ ነውር ነው ለሚሉን ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምን መልስ አለ?

በአንድ ዓመት ሁለት ሐዘን

በሒጅራ 8ኛው ዓመት ኡሙ አይመን ሁለት ከባድ ሐዘን ደረሰባት። በጁማደል ኡላ ወር ባሏ ዘይድ የሙእታን ጦር እየመራ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት በሸዋል ወር የበኩር ልጇ አይመን ብዙዎች ሲሸሹ ከነቢዩ ጋር ጸንተው ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆነ። የቀራት ኡሳማ ነበር። ሃያ ዓመት አካባቢ የሆነውን ይህን ወጣት ነቢዩ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ታላላቅ ሶሐቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ አድርገው ሾሙት፤ በዕድሜው ለተቹትም ብቁነቱን መሰከሩለት። ከነቢዩ ሞት በኋላ ጦሩ ሲንቀሳቀስ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) በእግራቸው፣ የሐበሻዊቷ ልጅ በፈረሱ ላይ ሆኖ ሸኙት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ.) እሳቸው ይጠይቋት እንደነበረው ሊጠይቋት ወደ ቤቷ ሄዱ። አለቀሰች። ለመልእክተኛው ከዚህ ዓለም ይልቅ በአላህ ዘንድ ያለው እንደሚሻላቸው ሲያጽናኗት፣ የምታለቅሰው ይህን ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። እነሱም አብረዋት አለቀሱ። ሁለቱ የሙስሊሞች መሪዎች በአንዲት አሮጊት ሐበሻዊት ቤት ተቀምጠው፣ በእሷ አስተዋይነት ሲያለቅሱ አስቡት። ሙስሊም በሰሒሓቸው ባሰፈሩት የኢብኑ ሺሃብ ዘገባ መሠረት ኡሙ አይመን ያረፈችው ከነቢዩ ሞት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ከእሷ በኋላ የሄዱት

ኡሙ አይመን ባሕር ተሻግረው በዓረብ ቤት ካገለገሉት ሐበሻውያት የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም አይደለችም። የሰው ንግድ በሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ቀጥሎ፣ በውስጡ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነጋዴ እየተሳተፈበት፣ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬም እህቶቻችን በብዙ ሺህ እየሆኑ በቤት ሠራተኛነት ይሄዳሉ። ፓስፖርታቸው የሚቀማ፣ ደመወዛቸው የሚያዝ፣ በር የሚቆለፍባቸው ብዙ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ሲመለሱ ያየነው የሚረሳ አይደለም። የኡሙ አይመንን ስም በክብር የሚጠራ ቤት ሐበሻዊት ሠራተኛውን ደመወዝ ሲከለክል ከማየት የባሰ ምን አሳፋሪ ነገር አለ? እኔ በማለዳ ወጥቼ በማታ ቤቴ መግባቴን ሳመሰግን እነዚያን እህቶች በዱዓዬ ካልጨመርኩ ሹክሬ ጎዶሎ ነው።

ቅርባችን ያለው ጉዳይ

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሰንዳፋ ያለውን ደግሞ እንይ። አዲስ አበባ እየሰፋች በመጣች ቁጥር በዙሪያዋ ያለው መሬት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ እኛም ጋ ያው ነው። መሬቱ ዋጋ ባልነበረው ጊዜ የሴት ልጅን ድርሻ የሚያነሳ አልነበረም፤ ዋጋ ሲያወጣና የካሳ ገንዘብ ሲመጣ ግን ይዞታውን እንድትለቅ ወረቀት ተጽፎ ይቀርብላታል።

የአምስት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ጎረቤቴ አባቷ ከሞቱ ወዲህ በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አጥታለች። ወንድሞቿ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ድርሻዋን በፍቅር ብትለቅላቸው አንድ ጋቢና አንድ ሙክት ሊሰጧት፣ ወረቀቱ ላይ አሻራዋን እንድታኖር ጠየቋት። ያገባች ሴት ድርሻ ወደ ባዕድ ይሄዳል ተባለች። ወንድም የሌላት ሴት መጠጊያ የላትም ተባለች። ይህ ሁለተኛው አባባል ውስጡ ማስፈራሪያ እንዳለበት እሷም እኔም ተረድተነዋል። ከወንድሞቿ መቀያየም አትፈልግም፤ ልጆቿም ያለ መጠጊያ እንዲቀሩ አትፈልግም። ስታማክረኝ የኡሙ አይመንን የተምር ዛፎች ታሪክ አወራኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

አንዳንዶች ክርክሩን ወደ ሸሪዓና ወደ ሕገ መንግሥት ልዩነት ሊወስዱት ይወዳሉ። በቃዲ ፍርድ ቤት የሴት ልጅ ድርሻ ከወንድሟ ድርሻ ግማሽ መሆኑ፣ በመደበኛው ፍርድ ቤት እኩል መሆኑ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባለጉዳዮች ሲስማሙ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል። ግን ልብ በሉ፤ በጎረቤቴ ፊት የቀረበው ወረቀት ግማሽም እኩልም አይልም። ምንም ይላል! ሴት ልጅ ምንም የላትም የሚል ሕግ በቁርኣንም በሕገ መንግሥቱም የለም። የኒሳእ ምዕራፍ 7ኛ አንቀጽ ወላጆችና የቅርብ ዘመዶች ከተዉት ሀብት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ለሴቶች የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ያንን ወረቀት የጻፈ ሰው ራሱን በሸሪዓ ሊሸፍን አይችልም። በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ሐላል ነው፤ በይሉኝታና በማስፈራሪያ የተወሰደ ግን በሽማግሌ ፊት ስለተፈረመ ብቻ ሐላል አይሆንም።

ለወንድሞቼ የምለው ይህን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕጉ ከእሳቸው ጋር ሆኖ ሳለ ለአንዲት ሴት አሥር እጥፍ ከፈሉ። እኛ ሕጉ ከእህታችን ጋር ሆኖ ሳለ አንዱን እጥፍ እንኳ ልንከለክላት ይገባናል? በየመስጂዱ ያላችሁ ኢማሞችና ዳዒዎችም ስለ ሴት አለባበስ የምትመክሩንን ያህል ስለ ውርስ ሐቋ አንድ ጁሙዓ ኹጥባ ብታደርጉ ብዙ ቤት ከፍትሕ መጓደል ይድናል። ሽማግሌዎችም ሰላም ለማውረድ ስትቀመጡ ሰላሙ የሚገዛው በማን ድርሻ እንደሆነ ጠይቁ።

ለእህቶቼ ደግሞ፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ አሻራችሁን ከማኖራችሁ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ ስማችሁ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ዝምድናን መቀጠል ግዴታችን ነው፤ ሐቅን መጠየቅ ግን ዝምድናን መቁረጥ አይደለም። ኡሙ አይመን አነስን አንገቱ ላይ ይዛዋለች፤ ከኡሙ ሱለይም ቤት ጋር ግን አልተቆራረጡም። ታሪኩንም በፍቅር የነገረን ያው አነስ ራሱ ነው።

ጎረቤቴ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አሻራዋን አላኖረችም። ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ ቀጠሮ ይዘዋል። አላህ ልባቸውን ለፍትሕ ይክፈት፤ የወንድሞቿንም ልብ ያራራ። ለሰጠን ነፃነትና መብት አመስጋኞች፣ የሌላውን ሐቅ ጠባቂዎች ያድርገን። በባዕድ አገር በተቆለፈ በር ውስጥ ያሉትን እህቶቻችንን በሰላም ለቤታቸው ያብቃ። ኡሙ አይመንን አላህ ይውደድላት፤ እኛንም በጀነት ከእሷ ጋር ያገናኘን። አሚን።